ዴቢት ካርድ ዱቤ አይደለም
ስለ ዕለታዊ ወጪና ስለ ሱቅ መሳቢያ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ የሚያድገው ዕቃ በመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ከሽያጭ የተገኘውን ገንዘብ ለይቶ በማወቅ ጭምር ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ገዥ የማይለየው ሱቅ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ መደርደሪያው እየሳሳ ሲሄድ፣ ባለቤቱም «ገበያ ሞተ» እያለ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን የሞተው ገበያው ሳይሆን፣ ጥፋቱ ከመሳቢያው ሆኖ ይገኛል። መሳቢያው የሱቁም የቤቱም ቦርሳ ሆኖ በመዋሉ፣ ለስኳር መግዣ የተመደበው ገንዘብ ከልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ሳይለይ አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ባንኮች የሚሰጡት የክፍያ ካርድ፣ ማለት ዴቢት ካርድ የሚባለው፣ ይህን ጥፋት ለማረም እንዴት እንደሚረዳ ማስረዳት ነው።

የስሙ ትርጕም

በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። «ዴቢት» የሚለው የባዕድ ቃል ለአማርኛ ሰሚ ጆሮ «ዱቤ» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ፣ አንዳንድ ሰው ካርዱን የብድር ወረቀት አድርጎ ይገምተዋል። ከዚህም የተነሣ «እኔ ዕዳ አልወድም» ብሎ የሚሸሸው አለ። ነገር ግን ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። ዱቤ ማለት ዛሬ ወስዶ ነገ መክፈል ነው። ዴቢት ግን ባንኩ ከባለሒሳቡ ተቀማጭ ላይ የወጣውን ቀንሶ መጻፉ ነው። ስለዚህ ዴቢት ካርድ የያዘ ሰው የሚያወጣው አስቀድሞ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ተቀማጩ ሲያልቅ ካርዱም ይቆማል። ባንክ ለደንበኛው አበድሮ በየወሩ የሚያስከፍልበት ካርድ ክሬዲት ካርድ የሚባለው ሌላው ዐይነት ነው። ይህ ልዩነት ከተያዘ የቀረው ትምህርት ቀላል ይሆናል።

ከአሞሌ እስከ ካርድ

የመክፈያው ዐይነት በየዘመኑ መለዋወጡ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማቸውን አድርገው በነበረበት ዘመን ለትልልቁ ንግድ የሚከፈለው የማርትሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ለትንንሹ መገበያያ ደግሞ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን 1,000 ጠገራ የያዘ ነጋዴ 28 ኪሎ ብር መሸከም ነበረበት። ተቀባዩም በእቴጌይቱ ምስል ላይ የሚታየውን የጌጥ ፈርጥ እየቈጠረ፣ ትክክለኛውን ከተሳሳተው ይለይ ነበር። አሞሌውም በዝናብ ይሟሟል፤ በመንገድ ይሰበራል። ገንዘብን መሸከም፣ መጠበቅና መመርመር ራሱን የቻለ ሥራና ወጪ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥ፣ በቼክ መክፈል፣ በወረቀት ገንዘብ መገበያየት ቀስ በቀስ ተለመደ። በውጭው ዓለም ደግሞ ገንዘብ የሚከፍል የመጀመሪያው የባንክ መሣሪያ በለንደን አጠገብ በሰኔ ወር 1959 ዓ.ም. ተተከለ። በአገራችን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ስምንት መሣሪያዎች በአዲስ አበባ አቁሞ የኤ.ቲ.ኤም. አገልግሎት ጀመረ። ከዚያም ሌሎች ባንኮች ተከተሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ መሣሪያ ላይ በአብዛኛው አይሠራም ነበር። ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች የተባለው ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 መሣሪያዎቹን ማገናኘት ከጀመረ በኋላ ግን ባለካርዱ የራሱን ባንክ ቅርንጫፍ መፈለግ አላስፈለገውም። ዛሬ በመገናኛ፣ በሾላ፣ በኮተቤና በሲ.ኤም.ሲ. መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እነዚህን መሣሪያዎች በየሕንፃው ሥር ያገኛቸዋል።

የጥሬ ገንዘብ ክምችት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነጋዴው ሁሉ በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. አይቶታል። በዚያን ጊዜ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በሣጥንና በፍራሽ ሥር ገንዘብ ያከማቸ ሰው ሥራውን ትቶ ለመለወጥ ተሰለፈ። ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ የነበረ ግን አንዲት ኖት ሳይቈጥር፣ ሒሳቡ እንደ ነበረ ቆየለት።

መሳቢያው እንዴት እንደሚያታልል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መመለስ ያስፈልጋል። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በየካ ክፍለ ከተማ በሾላ ገበያ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ቍጥሮቹ ለትምህርት የተሰጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ በነርሱ ፈንታ የራሱን ሱቅ ቍጥር ሊያስገባ ይችላል።

ይህ ነጋዴ 400,000 ብር ወረት አለው እንበል። በቀን 12,000 ብር ይሸጣል፤ በወር 26 ቀን ስለሚሠራ የወሩ ሽያጭ 312,000 ብር ይሆናል። ከመቶ 10 ቢያተርፍ ትርፉ 31,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ 9,000 ብር ለሱቅ ኪራይ፣ 5,000 ብር ለሠራተኛ ደመወዝ፣ 2,200 ብር ለመብራት፣ ለዕቃ ማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ነገር ይወጣል፤ ይኸውም በጠቅላላው 16,200 ብር ነው። እንግዲህ ግብር ሳይቈጠር ለባለቤቱ የሚተርፈው 15,000 ብር ብቻ ነው።

ይህ ሰው ለቤቱ በየቀኑ ከመሳቢያው ይወስዳል። ጠዋት ለዳቦና ለታክሲ፣ ቀትር ላይ ለምሳ፣ ማታ ለቤት አስቤዛ፣ አንዳንድ ቀን ለመድኃኒት፣ አንዳንድ ቀን ለእንግዳ ይመዛል። በአንድ ጊዜ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ አይሰማውም፤ በመዝገብም አይጽፈውም። ነገር ግን በአማካይ በቀን 700 ብር ቢወስድ በ30 ቀን 21,000 ብር ይሆናል። ያተረፈው 15,000፣ የወሰደው 21,000 ነው። የጐደለው 6,000 ብር ከየት መጣ? ከወረቱ ነው። በ12 ወር ውስጥ 72,000 ብር ከወረቱ ይበላል፤ 400,000 የነበረው ወረት 328,000 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 256,000 ይቀረዋል። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ደግሞ በቀረው ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ ከዚህም ያነሰ ይሆናል።

ነጋዴው ይህን ሁሉ ጊዜ አደጋውን ሳያይ የቆየበት ምክንያት መሳቢያው ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። በየቀኑ 12,000 ብር ይገባበታል፤ ከ12,000 ላይ 700 ቢነሣ ምልክቱ አይታይም። ከገባው ብር ውስጥ የእርሱ የሆነው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን፣ የቀረው የዕቃ አቅራቢው፣ የአከራዩ፣ የሠራተኛውና የመንግሥት ግብር ነው። መሳቢያው ግን ይህን አይናገርም። ብዙ ሐቀኛና ታታሪ ነጋዴ የወደቀው ሰክሮ ወይም ቁማር ተጫውቶ ሳይሆን እንዲሁ በቅንነት ከመሳቢያው እየበላ ነው። በእርሱም ውድቀት የሚጐዱት ቤተሰቡ፣ ሠራተኛውና በእምነት ዕቃ የሰጠው አከፋፋይ ናቸው።

በካርድ የሚደረገው ማረሚያ

ማረሚያው ሁለት ሒሳብ መክፈት ነው፤ አንዱ የሱቁ፣ ሌላው የቤቱ። ለቤቱ ሒሳብ ዴቢት ካርድ ይወጣለታል። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ደንብ ይጠበቃል።

አንደኛ፤ የቀኑ ሽያጭ አንዲት ብር ሳይነካ ወደ ሱቁ ሒሳብ ይገባል። ለዝርዝር የሚያስፈልገው የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በመሳቢያው ያድራል።

ሁለተኛ፤ ነጋዴው ለራሱ እንደ ደመወዝ የሚሆን ቍርጥ ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ ከሱቁ ሒሳብ ወደ ቤቱ ሒሳብ ያዛውራል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 15,000 ሁሉ መወሰድ የለበትም። 12,000 ብር ለቤቱ፣ 3,000 ብር ለግብርና ለወረት ማሳደጊያ ቢደረግ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ የቤቱ ወጪ ሁሉ ከቤቱ ሒሳብ ብቻ ይወጣል። ካርድ በሚቀበሉ መደብሮች፣ በመድኃኒት ቤቶችና በሆቴሎች በካርዱ ይከፈላል። የጕልት ቸርቻሪዋን፣ የታክሲውን ረዳት፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች በካርድ መክፈል እንደማይቻል የታወቀ ነው። ለነዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ 1,000 ብር፣ ከኤ.ቲ.ኤም. ይወጣል፤ በወር 4,000 ይሆናል። ቀሪው 8,000 በካርድ ይከፈላል። የሳምንቱ ገንዘብ ካለቀ ወደ መሳቢያው እጅ አይሰደድም።

አራተኛ፤ የዕድር መዋጮ የቤት ወጪ ስለሆነ ከቤቱ ገንዘብ ይከፈላል። ዕቁቡ ግን ለሱቅ ዕቃ መግዣ የተገባ ከሆነ ከሱቁ ሒሳብ ይከፈላል፤ ሲወጣም ወደ ሱቁ ሒሳብ ይመለሳል። ብዙ የሒሳብ መደባለቅ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፤ በወሩ መጨረሻ የቤቱ የሒሳብ መግለጫ ከባንክ ተወስዶ ባልና ሚስት አብረው ያነቡታል። እያንዳንዱ ክፍያ ከነቀኑና ከነመጠኑ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ለምግብ ስንት፣ ለትምህርት ቤት ስንት፣ ለግብዣ ስንት እንደ ወጣ ያለ ክርክር ይታወቃል። በጥሬ ገንዘብ የወጣውን ለማስታወስ ሲሞከር ጠብ ይነሣ የነበረበት ቤት በመግለጫው ሰላም ያገኛል።

«ቤቴ 21,000 የሚፈልግ ከሆነ 12,000 እንዴት ይበቃል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ካርዱ ገንዘብ አይወልድም፤ እውነቱን ቀድሞ ይናገራል እንጂ። በወሩ 17ኛ ቀን ላይ ካርዱ «ተቀማጭ የለም» ብሎ ሲቆም ነጋዴው ሱቁ የቤቱን ኑሮ ገና እንደማይችል ይረዳል። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ወጪውን መቀነስ፣ ወይ የሱቁን ገቢ መጨመር። መሳቢያው ግን ይህን ወሬ የሚነግረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ወረቱ ሲመነምን ነው። የዛሬው ወሬ ቢመርም ይታረማል፤ የኋላኛው ግን ማረሚያ የለውም።

ይህ አያያዝ ከሕግም ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛሉ። የቤቱ ወጪ ከሱቁ መዝገብ ከወጣ መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ግብር ሲወሰንም ሆነ ከባንክ ብድር ሲጠየቅ ነጋዴው የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ጥቅሙን ተናግሮ ጕድለቱን መደበቅ ለአንባቢ አይበጅም። መብራት ሲጠፋ ወይም የኔትወርክ መሥመር ሲቋረጥ መሣሪያው አይሠራም። ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በቤት ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። በሌላ ባንክ መሣሪያ ገንዘብ ሲወጣ የአገልግሎት ዋጋ ሊቈረጥ ይችላልና፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት በሳምንት አንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል። መሣሪያው ገንዘብ ሳይሰጥ ከሒሳብ ላይ ቢቀንስ፣ ወረቀቱን ይዞ በዚያው ቀን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት ይገባል።

የምስጢር ቍጥሩ ለልጅም፣ ለሱቅ ሠራተኛም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም መነገር የለበትም። ባንክ የደንበኛውን የምስጢር ቍጥር በስልክ አይጠይቅም። ቍጥሩን በካርዱ ጀርባ መጻፍ ደግሞ የቤትን ቍልፍ በበር ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ካርድ ሲጠፋ ወዲያውኑ ለባንኩ ደውሎ ማሳገድ ያስፈልጋል። ጥሬ ገንዘብ በታክሲ ውስጥ ቢጠፋ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ የጠፋ ካርድ ግን ቶሎ ከታገደ ገንዘቡ በስፍራው ይቆያል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በእጅ ያለ ብር ሲመነምን በዐይን ይታያል፤ በካርድ የሚከፈለው ግን ስለማይታይ ሰውን ለብክነት ሊያደፋፍር ይችላል። መድኃኒቱ ከላይ እንደተባለው በቤቱ ሒሳብ ውስጥ የወሩን ገንዘብ ብቻ ማኖርና፣ ባንኩ በስልክ የሚልከውን አጭር መልእክት በየጊዜው ማንበብ ነው። ካርዱን ከሱቁ ሒሳብ ጋር ማያያዝ ግን መሳቢያውን በኪስ ይዞ እንደ መዞር ይቈጠራል።

ካርድ ስለሚቀበል ሱቅ

ባለሱቁ ራሱ ለመቀበል ሲፈልግ ባንኩ ፖስ ማሽን የሚባለውን መሣሪያ ይሰጠዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዝርዝር መፈለግ ይቀራል፤ ሐሰተኛ ኖት አይገባም፤ ማታ ሱቅ ተዘግቶ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲኬድ በኪስ የሚያዘው ገንዘብ ይቀንሳል። ዱቤ የሚጠይቅ ደንበኛም «ብር አልያዝኩም» የሚለው ምክንያት ያንሰዋል። ነገር ግን ባለሱቁ ከመዋዋሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ምን ያህል እንደሚቈረጥ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ሒሳቡ እንደሚገባ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን። ከመሣሪያው የሚወጣው ወረቀት የክፍያ ማረጋገጫ እንጂ የሽያጭ ደረሰኝ ስላልሆነ፣ ሕጋዊው ደረሰኝ ለገዥው መሰጠቱ መቅረት የለበትም። ገዥውም የምስጢር ቍጥሩን ከማስገባቱ በፊት በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን መጠን እንዲያይ መጋበዝ የመልካም ነጋዴ ጠባይ ነው።

ስለ አስመጪና ላኪ

ሥራው ሰፊ የሆነ አስመጪና ላኪም ከዚህ ትምህርት ውጪ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ስለ ታዘዘ፣ ለሾፌር ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ መላክ የሚያስከትለው ክርክር ቀንሷል። በዚሁ አኳኋን ለመሥሪያ ቤቱ ጥቃቅን ወጪ የተለየ ሒሳብ ከፍቶ፣ ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ኀላፊነት ላለበት ሠራተኛ ካርድ ማሰጠት ይቻላል። ሒሳቡ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል፤ ደረሰኞቹም ከባንክ መግለጫው ጋር ይመሳከራሉ። ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ነጋዴ ደግሞ ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚያገኝበት ሁኔታ ከጕዞው አስቀድሞ ባንኩን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዱሮውን ልማድ ይዞ መነሣት አያዋጣም።

ማጠቃለያ

በስልክ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እንደ ቴሌብር ያለው፣ በሾላ ገበያ ከካርዱ ይልቅ የተለመደ ሊሆን ይችላል። በካርድም ሆነ በስልክ ትምህርቱ አይለወጥም። ዋናው ነገር የሱቁ ገንዘብ ለሱቁ፣ የቤቱ ገንዘብ ለቤቱ መለየቱና ወጪው ሁሉ ተጽፎ መገኘቱ ነው። በእንጦጦ ዘመን የነበረው ነጋዴ ጠገራውን በአቁማዳ እየለየ፣ ይህ የንግድ ነው፣ ይህ የስንቅ ነው ብሎ ይቋጥር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ስንቁን ከንግዱ የደባለቀ ሲራራ ነጋዴ መንገዱን አይጨርስምና። የዛሬው ባለሱቅም ካርዱን እንደ ስንቅ አቁማዳ ይቍጠረው። በዚህ ሳምንት ሁለተኛውን ሒሳብ የከፈተ ሰው በሚመጣው ዓመት መደርደሪያውን ሲያይ ያወቀውን ይናገራል።